«ከሰረ» ማለት ተዘጋ ማለት ነው?

ኮምቦልቻ ያለው ጎረቤቴ የኤሌክትሪክ መኪናውን ቻርጅ ላይ እየሰካ፣ «ፊስከር የተባለው የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መኪና አምራች ከሰረ ሲባል ሁለት ጊዜ ሰማሁ። አንድ ኩባንያ ስንቴ ይሞታል?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው።

በአሜሪካ የኪሳራ ሕግ «ምዕራፍ 11» መዝጋት አይደለም። ባለዕዳው ፍርድ ቤት ሲገባ አበዳሪዎች ለጊዜው እጃቸውን ይሰበስባሉ። እሱም ዕዳውን ያስተካክላል ወይም ንብረቱን ይሸጣል። ዘግቶ መበተን «ምዕራፍ 7» ነው።

ካርማ የተባለውን መኪና የሠራው የመጀመሪያው ፊስከር እ.ኤ.አ. በ2013 ምዕራፍ 11 ገባ። ባትሪ አቅራቢው ቀድሞት ከስሮ ነበር። የፊስከርን ንብረት የቻይናው ኩባንያ ዋንሺያንግ በ2014 ገዛ፤ የካርማ ስም ተረፈ። ሁለተኛው፣ መሥራቹ ሄንሪክ ፊስከር እንደገና ያቋቋመው ሌላ ኩባንያ ነው። እሱም በ2024 ምዕራፍ 11 ገባ፤ ግን መኪኖቹን ሸጦ አበቃለት።

እኔን የሚያሳስበኝ ገዢው ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ለሚመላለስ ሰው መለዋወጫና የሶፍትዌር ማደሻ ቀልድ አይደለም። ኩባንያው ሲከስር ግን መያዣ የያዘ አበዳሪ ይቀድማል፤ የዋስትና ወረቀት የያዘ ደንበኛ ከኋላ ይሰለፋል።