ፖሊስን በሰብዓዊ መብት ማማከር፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ

ፖሊስን በሰብዓዊ መብት መመዘኛዎች ማማከር ማለት ፖሊስ ሰው ሲይዝ፣ ሲያቆይ፣ ሲመረምርና ኃይል ሲጠቀም አሠራሩ ከሕገ መንግሥቱና አገሪቱ ከተቀበለቻቸው ስምምነቶች ጋር እንዲጣጣም የሚሰጥ የሙያ ድጋፍ ነው። ብዙዎች ከሥልጠና ጋር ያምታቱታል። ሥልጠናው ሰንዳፋ በሚገኘው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ሊጀመርና እዚያው ሊያበቃ ይችላል። ማማከር ግን ቱሉ ዲምቱ ወይም አራብሳ ያለ ጣቢያ ወርዶ የተረኛውን መዝገብ ካልነካ ሥራው ገና አልተጀመረም ማለት ነው።

የሕጉ መነሻ በአብዛኛው አገር ውስጥ ያለ ነው። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው፣ ላለመናገር መብት እንዳለው እንዲያውቅና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። በዚሁ አንቀጽ መሠረት በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም። አንቀጽ 21 ደግሞ የተያዘ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዶቹ፣ በጓደኞቹ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው እንዲጎበኝ ይፈቅዳል። ከውጭ ከሚጠቀሱት ሰነዶች ዋናዎቹ የተባበሩት መንግሥታት የሕግ አስከባሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ (እ.ኤ.አ. 1979)፣ የኃይልና የጦር መሣሪያ አጠቃቀም መሠረታዊ መርሆዎች (እ.ኤ.አ. 1990) እና የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን በእስርና በፖሊስ ጥበቃ ላይ ያወጣው የሉዋንዳ መመሪያ (እ.ኤ.አ. 2014) ናቸው። ልምድ ያለው አማካሪ ግን ንግግሩን ከጄኔቫ፣ ማለትም ከነዚህ የውጭ ሰነዶች፣ አይጀምርም። መርማሪው አንቀጽ 19ን በቃሉ ያውቀዋል፤ የሚቸገረው ዓርብ ማታ የተያዘውን ሰው ቅዳሜና እሑድ የት እንደሚያቀርበው ነው። ሕገ መንግሥቱ ከ48ቱ ሰዓት የሚቀንሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ በአግባቡ የሚያስፈልገውን ጊዜ ብቻ ነው፤ የዕረፍት ቀን አይቀነስም። ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባራዊ ጥያቄ ተረኛ ችሎት የት እንደሚያስችልና ተሽከርካሪውን ማን እንደሚመድብ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ መዝገቡ ነው፤ አብዛኛው ችግር የሚታየውም እዚህ ነው። ደህና የተያዘ የተጠርጣሪዎች መዝገብ ቢያንስ ስም፣ የተያዘበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፣ ምክንያት፣ የያዘው አባል ስምና መለያ ቁጥር፣ ሲገባ የነበረበት የጤና ሁኔታ፣ ቤተሰብ የተነገረበት ሰዓት፣ ፍርድ ቤት የቀረበበት ቀን፣ የወጣበት ሰዓትና ፊርማ ይኖሩታል። ስህተቱ ከሰዓቱ ይጀምራል። «8 ሰዓት» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ የቀን ይሁን የሌሊት አይታወቅም። ልዩነቱ 12 ሰዓት፣ ማለትም የ48ቱ ሩብ ነው። ስለዚህ «ከቀኑ» ወይም «ከሌሊቱ» የምትለዋ ቃል ግዴታ መሆን አለባት። ሌላው ችግር ጣቢያ የደረሰበት ሰዓት እንደተያዘበት ሰዓት መጻፉ ነው። ደንብ አስከባሪ ወይም የአካባቢ ጥበቃ ሰውየውን ወረዳ ግቢ ውስጥ ግማሽ ቀን አስቀምጦ ካመጣው ያ ግማሽ ቀን ከመዝገቡ ይጠፋል። መቆጠር ያለበት ግን ሰውየው በነፃነት መሄድ ከተከለከለበት ሰዓት ጀምሮ ነው። የመውጫው ዓምድ ባዶ ሲቀር ደግሞ የተፈታው ሰው ወረቀቱ ላይ እንደታሰረ ይቀራል፤ ጠዋት የሚደረገው ቆጠራም ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም። የጤናው ዓምድ ለፖሊሱም ጋሻ ነው፤ ሲገባ ዓይኑ አብጦ እንደነበር ካልተጻፈ፣ በማግስቱ «እዚህ ነው የተመታው» ለሚል ክስ መልስ አይገኝም።

ዳርቻው ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በኮዬ ፈጬ፣ በለገጣፎ ወይም በቡራዩ በኩል አንድ መንገድ ተሻግሮ የፖሊስ ሥልጣን ይቀየራል፤ ወዲህ የአዲስ አበባ ፖሊስ፣ ወዲያ የኦሮሚያ ፖሊስ። የሥራ ቋንቋውም አብሮ ይለወጣል። ተጠርጣሪ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ተቀባዩ ጣቢያ 48ቱን ሰዓት ከዜሮ ይጀምረዋል፤ ይህ ስህተት ነው። መፍትሔው አንድ ገጽ የርክክብ ቅጽ ነው፤ የመጀመሪያው መያዣ ሰዓት፣ የተያዙ ዕቃዎች ዝርዝር፣ የጤና ሁኔታና የሁለቱም ተረኞች ፊርማ ያለበት። ምክንያቱ የተነገረው ሰውየው በማይሰማው ቋንቋ ከሆነ፣ ቃሉን ከመቀበል በፊት አስተርጓሚ መጥቶ እንደገና ይነገረዋል፤ የአስተርጓሚው ስምም ይጻፋል።

ክትትሉ የሚካሄደው በጉብኝት ነው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመ ሲሆን፣ በማሻሻያው በአዋጅ ቁጥር 1224/2012 የማቆያ ቦታዎችን ያለቅድመ ማስታወቂያ የመጎብኘት ሥልጣን አለው። የጉብኝቱ ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፦ ከኃላፊው ጋር አጭር ንግግር፣ ግቢውን ሁሉ ማየት (ከጀርባ ያለውን የቆርቆሮ ክፍልና መጋዘኑን ጨምሮ)፣ መዝገብ ማመሳከር፣ ተያዦችን ለብቻ ማናገር፣ በመጨረሻም ለኃላፊው ግኝቱን መንገር። አንድ ሰው ብቻ አነጋግሮ መውጣት ያንን ሰው ማጋለጥ ነው። ስለዚህ ብዙ ተያዦችን እያንዳንዳቸውን ለተመሳሳይ ያህል ጊዜ ማናገር ያስፈልጋል፤ ጠባቂ ሊያይ ይችላል፣ መስማት ግን የለበትም። ለክፍሉ ስፋት ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ለእስር ቤት የሚጠቀምበት 3.4 ካሬ ሜትር በሰው ጥሩ መነሻ ነው፤ በዚህ ስሌት 4 በ5 ሜትር የሆነ ክፍል ለአምስት ሰው ነው። ሴቶች ከወንዶች፣ ልጆች ከአዋቂዎች መለየታቸውም ይታያል። ምግብ ከቤት በሚገባበት ጣቢያ ዘመድ የሌለው ወይም ቤተሰቡ ሩቅ የሆነ ሰው በሌሎች ስንቅ ያድራል። ይህ መዝገብ ላይ አይታይም፤ «ዛሬ ማን አበላህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው የሚወጣው።

ኃይል አጠቃቀምን በተመለከተ ዳርቻው ላይ ቶሎ የሚነሳው የጨረቃ ቤት ማፍረስ ነው። ፖሊስ አፍራሽ አይደለም፤ ለጥበቃ ይጠራል፤ ግን ነገሩ ሲጋጋል ኃላፊነቱ እርሱ ላይ ይወድቃል። የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ፣ ማኅበራዊና ባህላዊ መብቶች ኮሚቴ በ1997 (እ.ኤ.አ.) በሰጠው ማብራሪያ በቂ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ፣ የመንግሥት ኃላፊ በቦታው እንዲገኝ፣ አፍራሾቹ ማንነታቸው የሚታወቅ እንዲሆኑ፣ ሥራውም ነዋሪው ካልተስማማ በሌሊትና በክፉ አየር እንዳይካሄድ ይላል። ለአዲስ አበባ ክፉ አየር ማለት ክረምቱ ነው። አዛዡ ከመሰማራቱ በፊት የተጻፈውን ትእዛዝ ማየትና ማስጠንቀቂያ መሰጠቱን መጠየቅ አለበት። የመሣሪያው ጉዳይም አለ፦ አባሉ ከቆመጥና ከክላሽ በቀር ምንም ካልያዘ ኃይልን የሚያስተካክልበት ደረጃ የለውም። እ.ኤ.አ. የ1990 መርሆዎች መንግሥታት የተለያዩ አማራጮችን እንዲያቀርቡ ያዛሉ፤ ሆን ብሎ ለመግደል መተኮስን ደግሞ ሕይወት ለማዳን ፈጽሞ የማይቀር ሲሆን ብቻ ይፈቅዳሉ።

በምርመራ ላይ ዋናው ችግር የተጠርጣሪው የእምነት ቃል ላይ መንጠልጠል ነው። መርማሪው ባመነለት ሰው ብዛት የሚመሰገን ከሆነ፣ ስለ ድብደባ ክልከላ የሚሰጥ ንግግር ብዙ አይለውጥም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 መሠረት ተገቢ ያልሆነ የምርመራ ዘዴ የተጠቀመ ይቀጣል፤ እንዲደረግ ያዘዘው ኃላፊ ቅጣቱ ይከብዳል። አማካሪ ይህን ለአለቆች በግልጽ ሊናገር ይገባል፤ ግን አብሮ የምስጋናውን መለኪያ ወደ ማስረጃ ጥራትና ፍርድ ቤት ውድቅ ወዳላደረገው የክስ መዝገብ እንዲያዞሩ ካላግባባ የሚሰማው ሰው የለም።

አባላቱ «የተጠርጣሪ መብት ብቻ ነው እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ተደራራቢ ተረኛነት ላይ የዋለ አባል ትዕግሥቱ ያልቃል፤ የአማካሪው ሪፖርትም የፈረቃውን ሰዓትና የአባላቱን ማረፊያ ክፍል ማካተት አለበት። የሚያስቸግረው የኃላፊ ዝውውር ነው። ጥሩ መዝገብ ያስያዘው አዛዥ ሲቀየር ልማዱ አብሮት ይሄዳል። ይህን ለመከላከል የመዝገቡ አሞላል የታተመ የጣቢያ ትእዛዝ ሆኖ ተረኛው ጠረጴዛ አጠገብ ይለጠፋል፤ አዲሱ ኃላፊ ሲረከብም ከጦር መሣሪያውና ከቁልፎቹ ጋር መዝገቡን ቆጥሮና ፈርሞ ይቀበላል።