የእህል ኮታ ምን ነበር?

በ1970ዎቹ ገጠር ለኖረ ገበሬ «ኮታ» ማለት ግልጽ ነገር ነው። መንግሥት በቆረጠው መጠንና በቆረጠው ዋጋ የሚያስረክበው እህል ማለት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ባለርስቱ ቀረ፤ ሲሶና እርቦ መክፈልም ቀረ። ጦሩና ከተሜው ግን መብላት አለባቸው። ለዚህም የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚባል የመንግሥት ተቋም ነበር። ድልድሉ ከላይ ይጀምርና ክፍለ ሀገር፣ አውራጃ፣ ወረዳ እያለ ገበሬ ማኅበር ይደርሳል። ማኅበሩ ደግሞ ለየቤቱ ያካፍላል። ዋጋው ከገበያው በጣም ያነሰ ነበር፤ ለዓመታትም ንቅንቅ አላለም።

ምርት ያነሰበት ሰው ምን ያድርግ? በግ ወይም ፍየል ይሸጣል፤ በዚያ ብር ከገበያ በውድ እህል ይገዛል፤ ያንኑ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል። ገበሬ እህል ሸማች ሆኖ አረፈው!

ነጋዴውም ከገዛው ላይ ለድርጅቱ በተቆረጠ ዋጋ ይሰጣል። እህል ጭኖ ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ሊሻገር ሲል ደግሞ ኬላ ይጠብቀዋል። ስለ ኮታ ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ዋጋውን ነው። እኔን ግን የበለጠ የሚገርመኝ ኬላው ነው። ጎጃም ላይ እህል ተርፎ ዋጋው ሲወድቅ፣ ወሎ ላይ ጎድሎ ይሰቀላል። በመሃል ሊያገናኛቸው የሚችለው ነጋዴ ኬላ ላይ ቆሟል። የ1977ን ረሃብ ያመጣው ድርቅና ጦርነት ነው፤ ይህ ደግሞ ችግሩን አባባሰው።

ታዲያ ርካሹን እህል ማን በላው? ጦሩ፣ እንደ ሆስፒታል ያሉ የመንግሥት ተቋማት፣ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚገዛው ከተሜ። ለከተሜውም ቢሆን ራሽኑ ብዙ ጊዜ አይበቃም። የጎደለውን በገበያ ዋጋ መሙላት ነው፤ ገበያው ደግሞ እህሉ በኮታ ስለሄደበት ውድ ነው።

የካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለማርያም «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ብለው አወጁ። ኮታው ቀረ፣ የእህል ንግዱም ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ ትርፍ ባለበትና በጎደለበት አካባቢ መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት እየጠበበ መጣ። የጎጃም ገበሬ እፎይ አለ። በራሽን የለመደው የከተማ ድሃ ግን ሙሉውን በገበያ ዋጋ መግዛት ግዴታው ሆነ። ገጠርም ቢሆን ሁሉም ሻጭ አይደለም። መሬቱ ጠባብ የሆነ ገበሬ የዓመት ቀለቡ ክረምት ላይ ያልቅበታል። ያኔ እሱም ከገበያ ሸማች ነው፤ እህል ሲወደድ እንደ ከተሜው ይጎዳል።

ኬላ የሚለው ቃል ግን ከኮታው ጋር አልቀረም። ጤፍ በተወደደ ቁጥር፣ ከጎጃም አዲስ አበባ እስኪደርስ ስንት ኬላ ከፈለ የሚለው ወሬ ዛሬም ይነሳል።