«ክትባቱ ውስጥ የሌለ ዝርያ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ልጁ ክትባቱን ጨርሷል። ሐኪሙ ግን «ማጅራት ገትር ነው፤ ክትባቱ ውስጥ የሌለ ዝርያ» ሲል ወላጅ ግራ ይገባዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ማጅራት ገትር ከሚያመጡት አንዱ የሆነው ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ላዩ ላይ ከስኳር የተሠራ ካፖርት ደርቧል። ክትባቱ ሰውነትን የሚያስተምረው ይህን ካፖርት እንዲለይ ነው። ችግሩ፣ የካፖርቱ ዓይነት ከ100 ይበልጣል፤ «ዝርያ» የሚባለውም እያንዳንዱ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ክትባት 7ቱን ብቻ ይዞ ነበር። እነዚያ ከልጆች አፍንጫና ጉሮሮ ሲጠፉ 19ኤ የተባለው ሌላ ዝርያ ክፍት ቦታ አገኘና ገባ። እ.ኤ.አ. በ2010 የመጣው ባለ 13 ክትባት እሱንም ጨመረ። «ታዲያ መከተቡ ምን ጠቀመ?» እንዳትሉ፤ በጠቅላላው የሚታመሙት ሕፃናት በጣም ቀንሰዋል። ብቻ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ መፍዘዝ ወይም የእርግብግቢት ማበጥ ከታየ «ተከትቧል እኮ» ብሎ ማደር የለም። በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት።