ፋርማሲው «በዚህ ወረቀት አይሆንም» ሲል

«የሐኪሙ ማዘዣ ፊርማና ማኅተም አለው፤ ለምን መድኃኒቱን ተከለከልን?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ ልመልስ። የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አሞክሳሲሊንን የመሰለው በመደበኛው ይታዘዛል። እንደ ሞርፊን ላሉ ናርኮቲክ (ሱስ ሊያስይዙ የሚችሉ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ) መድኃኒቶች አንድ፣ እንደ ዳያዜፓምና ፌኖባርቢታል ላሉ ሳይኮትሮፒኮች (አእምሮ ላይ ለሚሠሩ መድኃኒቶች) ደግሞ ሌላ ልዩ ማዘዣ አለ። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥታ ልጇን ለሚጥል በሽታ ያሳከመች እናት፣ ፌኖባርቢታሉ በመደበኛው ወረቀት ቢጻፍላት ባለሙያው መስጠት አይችልም፤ ክፋት ሳይሆን ሕግ ነው። ልዩ ማዘዣው ፋርማሲው ዘንድ ስለሚቀር በዚያው ወረቀት ዳግም መግዛት የለም። ከቦታ ቦታ የሚለያየው አቅርቦቱ ነው፤ ሁሉም ፋርማሲ እነዚህን መድኃኒቶች አይይዝም። እባካችሁ ከሐኪሙ ክፍል ሳትወጡ ወረቀቱ ትክክለኛው መሆኑንና መድኃኒቱ የት እንደሚገኝ ጠይቁ። ፌኖባርቢታልን በድንገት ማቋረጥ ከባድ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ስለሚችል፣ የያዛችሁት ሳያልቅ ለቀጣዩ ማዘዣ ተመለሱ።