ሊፖዲስትሮፊ ምንድን ነው? ማደሪያ ያጣ ስብ

ባሕር ዳር ላይ ቀጠን ያለች ሴት «ስኳርም ቅባትም አለብኝ» ብትል ማን ያምናታል? «አንቺ ደግሞ! የቱ ውፍረትሽ?» መባሏ አይቀርም። ስኳርና የደም ቅባት የወፍራም ሰው ጣጣ ናቸው ብለን ተቀምጠናላ።

ሊፖዲስትሮፊ ሰውነት ስብ የሚያስቀምጥበትን ቦታ የሚያሳጣ፣ ብዙ ጊዜ የማያጋጥም የበሽታ ዓይነት ነው። በረሃብ ወይም በስፖርት ከሚመጣ ክሳት ይለያል። ሰውዬው በደንብ ይበላል።

ነገሩ እንዲገባችሁ ጣናን እዩ። ክረምት ላይ ግልገል አባይ፣ ርብና ጉማራ የሚያወርዱትን ውኃ ተቀብሎ የሚይዘው ሐይቁ ነው። ሐይቁ ባይኖር ውኃው የትም አይጠፋም፤ ማሳው ላይ ይተኛል። ስብም ከቆዳ ሥር ቦታ ሲያጣ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ይገባል። ጉበት ያብጣል፤ የደም ስኳር የሚያወርደው ኢንሱሊን ቢኖርም ሰውነት አልታዘዝ ይለዋል። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ቅባት በጣም ሲወጣ፣ የተቀዳው ደም ብልቃጡ ውስጥ ትንሽ ሲቆይ ላዩ ወተት ይመስላል። ያኔ ቆሽት ድንገት ሊቆጣ ይችላል፤ ይህ ለሕይወትም ያሰጋል።

ረሃቡም አለ። «ጠገብኩ» የሚለውን መልእክት ወደ አንጎል የሚወስደው ሌፕቲን ከስብ የሚመነጭ ሆርሞን ነው። የታወቀው በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስብ ከሌለ ሌፕቲንም የለም፤ ስለዚህ የታመመ ልጅ በልቶ ሳይጨርስ ይርበዋል። ሆዳም እየተባለ ቁጣ መቀበሉ ያሳዝናል።

አንዳንዱ ሲወለድ ጀምሮ ስብ የለውም። ሌላዋ ላይ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ እጅና እግሯ ይቀጥናል፣ ደም ሥሯ ይገተራል፣ ፊትና አንገቷ ግን ይሞላል። በኋላ የሚመጣም አለ። ስታቩዲን የተባለውን የቀድሞ የኤችአይቪ መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች ጉንጫቸው የጎደጎደው በዚሁ ነበር፤ መድኃኒቱ አሁን ቀርቷል።

ምርመራው ከዓይን ይጀምራል፦ ልብስ አስወልቆ ማየት፣ የቤተሰብ ታሪክ መጠየቅ። አንገትና ብብት ላይ የጠቆረ፣ ወፈር ያለ ቆዳ ትልቅ ምልክት ነው። እድፍ መስሏቸው በሳሙና የሚፈትጉት አሉ። ከዚያ ስኳር፣ የደም ቅባት፣ የጉበት አልትራሳውንድ ይታያል። የዘር ምርመራ ቢገኝ ጥሩ ነው፤ ባይገኝም ሕክምናው አይቆምም።

የጠፋውን ስብ የሚመልስ መድኃኒት የለም። የሚሠራው ጉዳቱን መቀነስ ነው፦ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ክኒን፣ ኢንሱሊን፣ ቅባት የሚቀንሱ ክኒኖች፣ እንቅስቃሴ። ሜትረለፕቲን የሚባል በየቀኑ የሚወጋ ሌፕቲን አሜሪካ በ2014 ፈቅዳለች፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒን ትራይግሊሰራይድን ስለሚያባብስ ሐኪም ሳያማክሩ መውሰድ አይገባም።

ትልቁ ሥራ ያለው ማዕድ ላይ ነው። ሐይቁ ዳር የሚቀርበው የአሳ ጥብስ ጥፋቱ አሳው ሳይሆን የተጠበሰበት ዘይት ነው። ጾም ነው ብለን ቅቤውን ትተን ሽሮው ላይ ዘይት ካንሳፈፍንበትም ያው ነው።

በዘር በሚተላለፈው ዓይነት እህት ከታወቀባት ወንድሞቿም ይመርመሩ። ወንድ ላይ የተገተረ ጡንቻ ስናይ «ጂም ሠርቶ ነው» ብለን እናልፈዋለን።