ቀለሃ መልሶ መሙላት ወይስ የፋብሪካ ጥይት? ስለ ኢላማ ጥይት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኢላማ ተኩስ የጀመረ ሰው የጥይት ወጪ ሲከብደው ሁለት ምክር ይሰማል። አንዱ «ቀለሃህን አትጣል፣ መልሰህ ሙላው» ይለዋል። ሌላው «በሰው እጅ የተሞላ ጥይት እንዳትነካ፣ ፊትህ ላይ ይፈነዳል» ብሎ ያስፈራራዋል። ሁለቱም ጥቂት እውነት ይዘው ብዙ ያጋንናሉ።

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ ቀለሃው፣ ከቀለሃው ቂጥ የሚቀመጠው እሳት ጫሪ ፕራይመር፣ ባሩዱ እና ከአፈሙዝ የሚወጣው አረር። ሲተኮስ ሦስቱ ያልቃሉ፣ ቀለሃው ይቀራል። መልሶ መሙላት ማለት ተነፍቶ የወጣውን ቀለሃ ዳይ በሚባለው ቅርጽ ማውጫ ጨምቆ ወደ ልኩ መመለስ፣ ያገለገለውን ፕራይመር በአዲስ መተካት፣ ባሩድ መዝኖ መጨመር እና አረሩን በልኩ ጥልቀት መትከል ነው። የፋብሪካው ማሽንም ከዚህ የተለየ ተአምር አይሠራም። ጥያቄው ጥይቱን ማን መረመረው፣ በምን መረመረው የሚለው ነው። ከሁሉ በፊት ግን የአገርዎን ሕግ ይወቁ፤ በብዙ አገር ባሩድና ፕራይመር መያዝ ራሱን የቻለ ፈቃድ ይጠይቃል።

«መልሶ የተሞላ ጥይት በባህሪው አደገኛ ነው»

አደጋው ጥይቱ ዳግም በመሞላቱ የሚመጣ አይደለም። በአብዛኛው የሚመጣው ከሁለት ስህተቶች ነው፦ ባሩድ ሳይገባበት ከታሸገ ቀለሃ እና በአንድ ሙሌት ባሩድ ሁለት ጊዜ ከገባበት ቀለሃ።

ሁለተኛውን በቁጥር እንየው። የባሩድ መመዘኛ ግሬይን ሲሆን አንዱ ግሬይን 0.065 ግራም ያህል ነው። ብዙ የ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ አሞላሎች ከ4 እስከ 6 ግሬይን ቢወስዱ ነው። በዚህ መጠን አንዳንድ ፈጣን ባሩዶች ቀለሃውን ግማሽ እንኳ አይሞሉትም። ስለዚህ እጥፉ ቢገባም አይፈስም፣ አረሩም ያለ ችግር ይቀመጣል፣ ከውጭ ሲያዩት ጥይቱ ከሌሎቹ አይለይም። .38 ስፔሻል የተባለው የሪቮልቨር ጥይት ደግሞ ይብሳል። መጀመሪያ የተቀረጸው ብዙ ቦታ ለሚይዘው ጥቁር ባሩድ ስለነበረ፣ በዛሬው ባሩድ ሲሞላ ውስጡ አዳራሽ ነው።

መከላከያው ውድ መሣሪያ አይደለም፣ ሥርዓት ነው። መጀመሪያ ባሩዱን ሲመርጡ ድርብ ቢሞላ ከቀለሃው አፍ የሚፈሰውን፣ ማለትም ብዙ ቦታ የሚይዘውን ይምረጡ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ይኑር፤ ሌላው ቆርቆሮ ተከድኖ መደርደሪያው ላይ ይቆይ። 50 ቀዳዳ ባለው የቀለሃ ማቆሚያ ላይ ቀለሃዎቹን ሞልተው ሲጨርሱ፣ አንድም አረር ሳይተክሉ፣ በእጅ ባትሪ ከላይ ያብሩባቸው። የሃምሳውም የባሩድ ደረጃ እኩል መሆን አለበት፤ ጉድለቱም ትርፉም በዓይን ይታያል። ስልክ ጮኾ ሥራ ከተቋረጠ የመጨረሻውን ቀለሃ ወደ ሚዛኑ ገልብጠው እንደገና ይጀምሩ። «ይቺን የሞላኋት ይመስለኛል» የምትለዋ ሐሳብ የስንቱን በርሜል ሰንጥቃለች።

ባሩድ የሌለው ጥይት ሲተኮስ የፕራይመሩ ጉልበት ብቻ አረሩን ገፍቶ በርሜሉ ውስጥ ይሰነቅረዋል። ድምፁ «ጵፍ» ይላል፣ ርግጫ አይሰማም፣ ኢላማው ላይም ቀዳዳ የለም። ሰው የሚጎዳው በዚህኛው ተኩስ አይደለም፤ ሽጉጡ ከሸፈ ብሎ ሌላ ጥይት አጉርሶ ሲደግም ነው። ሁለተኛው አረር ከተሰነቀረው ጋር ሲላተም በርሜሉ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል። ድምፁ ከወትሮው ከቀጠነ ያቁሙ። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞሩ 30 ሰከንድ ይቆዩ፣ ጥይቱን ሁሉ ያውጡ፣ ከዚያ የመወልወያ ዘንግ ሰደው በርሜሉ ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ።

«የፋብሪካ ጥይት አይሳሳትም»

ይሳሳታል። አምራቾች ከገበያ የሚመልሷቸው የምርት ምድቦች የሚኖሩት ለዚህ ነው። የምድቡ ቁጥር የሚታተመው ካርቶኑ ላይ በመሆኑ፣ ጥይቱን ቆርቆሮ ውስጥ ዘርግፎ ካርቶኑን የሚጥል ሰው የመመለሻ ማስታወቂያ ቢወጣ የእሱ ይሁን አይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ደግሞም ጥይቱ ከፋብሪካ ደህና ወጥቶ ባለቤቱ ሊያበላሸው ይችላል። በራስ አጉራሽ ሽጉጥ ያንኑ አንድ ጥይት ደጋግሞ ማጉረስና ማውጣት አረሩን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። የባሩዱ ቦታ ሲጠብ ግፊቱ ይጨምራል። በ9 ሚሊሜትር ዓይነት ትንሽ ቀለሃ አንድ ሚሊሜትር እንኳ ቀላል አይደለም። አንድ ሁለት ጊዜ የጎረሰውን ጥይት ካልጎረሰው አጠገብ አቁሞ ቁመታቸውን ማስተያየት በቂ ነው። ካጠረ አይተኮስም።

«በእጅ የተሞላ ሁልጊዜ ከፋብሪካው በተሻለ ይመታል»

በምን ርቀት? በሰከንድ 800 ሜትር የሚወጣ አረር 100 ሜትር ለመድረስ 0.13 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚወርደውም 8 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ሁለት ጥይቶች በፍጥነት በሰከንድ 15 ሜትር ቢለያዩ፣ ኢላማው ላይ የሚያመጡት የከፍታ ልዩነት 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህ ከብዙ ተኳሾች የእጅ መንቀጥቀጥ ያነሰ ነው። ያንኑ ልዩነት 800 ሜትር ላይ ይውሰዱት፤ ከ30 ሳንቲሜትር ያላነሰ ይሆናል። እያንዳንዱን ባሩድ በ0.1 ግሬይን ልክ መመዘን ዋጋ የሚያወጣው እዚያ ነው።

ስለዚህ በ25 ሜትር ሽጉጥ የሚለማመድ ሰው ለትክክለኛነት ብሎ ፕሬስ (ቀለሃውን ዳዩ ውስጥ ጨምቆ የሚያስገባውን የመሙያ ማሽን) ቢገዛ ብዙ የሚያገኘው ነገር የለም። ለረጅም ርቀት ጠመንጃ ግን ነገሩ ይለያል። ፋብሪካው የሚሞላው የየትኛውም አምራች ጠመንጃ እንዲያጎርሰው ነው፤ በቤት የሚሞላ ሰው ግን ለአንድ በርሜል ብቻ ይሞላል። የባሩዱን መጠን፣ የአረሩን ዓይነትና የመትከያውን ጥልቀት ያ በርሜል እስኪወደው ድረስ ይለዋውጣል። ጥንቃቄ የጎደለው አሞላል ግን ከተራው የፋብሪካ ጥይት የባሰ ይበትናል፤ ለኢላማ ውድድር ተብሎ የሚመረተውን የፋብሪካ ጥይት ለመብለጥማ ብዙ ትጋት ይጠይቃል።

ሙከራውም ቢሆን በሦስት ጥይት አይፈረድም። ሦስት ምት በዕድል ተጠጋግቶ ሊያርፍ ይችላል። ከእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ 20 ጥይት፣ በአምስት በአምስት ተከፍሎ፣ በተመሳሳይ መደገፊያ ይተኮስ። የሁለቱ ዓይነቶች ምት የተበተነበት አማካይ ስፋት ያኔ ይተያያል።

«ትልልቆቹ ተኳሾች የፋብሪካ ጥይት አይነኩም»

የኦሊምፒክ 50 ሜትር ጠመንጃና 25 ሜትር ሽጉጥ የሚተኮሱት በ.22 ሎንግ ራይፍል ነው። ይህ ጥይት ለብቻው የሚነቀል ፕራይመር የለውም፤ እሳት ጫሪ ቅመሙ የቀለሃው የቂጥ ከንፈር ውስጥ የተቀባ ነው። የመሣሪያው መርፌ ከንፈሩን ጨፍልቆ ስለሚያቀጣጥለው ቀለሃው ለዳግም ሙሌት አይሆንም። የዓለም ምርጦቹ እንግዲህ የፋብሪካ ጥይት ነው የሚተኩሱት። ብልሃታቸው ምርጫው ላይ ነው፦ ከአንድ አምራች የተለያዩ የምርት ምድቦችን በራሳቸው ጠመንጃ ይሞክሩና የተስማማቸውን ምድብ በብዛት ይገዛሉ። ይህን ማንም ተራ ተኳሽ በትንሹ ሊሠራው ይችላል።

«መሙላት ገንዘብ ይቆጥባል»

ሒሳቡ አጭር ነው። በየትኛውም ገንዘብ ይሁን፣ አንድ የፋብሪካ ጥይት 10 ቢሸጥ፣ ፕራይመር፣ ባሩድና አረር ተደምረው ደግሞ 6 ቢሆኑ ትርፉ 4 ነው። ፕሬሱ፣ ዳዩ፣ ሚዛኑ፣ ካሊፐሩ (ቁመት መለኪያው)፣ የቀለሃ ማጽጃውና የአሞላል መጽሐፉ በጠቅላላ 8,000 ካስወጡ፣ 2,000 ጥይት ተተኩሶ እስኪያልቅ ድረስ ምንም አልተቆጠበም። በዓመት 600 ለሚተኩስ ሰው ይህ ከሦስት ዓመት በላይ ነው፤ 5,000 ለሚተኩስ አምስት ወር አይሞላም።

ጊዜውም አለ። እጀታው በተጫነ ቁጥር አንድ ሥራ ብቻ በሚሠራ ተራ ፕሬስ በሰዓት ከ50 እስከ 100 ጥይት ቢወጣ ነው፤ ያ 2,000 ጥይት ከ20 እስከ 40 ሰዓት ይበላል። ተከታታይ የሚባለው ፕሬስ በሰዓት መቶዎችን ያወጣል፤ ነገር ግን አምስት ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚሠራ ዓይን የሚዘለው ነገርም ይበዛል። ለጀማሪ አይመከርም።

ቁጠባው ከጥይት ጥይትም ይለያል። 9 ሚሊሜትር በገፍ ስለሚመረት ልዩነቱ ጠባብ ነው። ብዙ ገዢ የሌላቸው ትልልቅ የጠመንጃ ጥይቶች ላይ ግን በእጅ መሙላት በቶሎ ይከፍላል፤ አንዳንዴም ጥይቱን የማግኛው ብቸኛ መንገድ እሱ ነው። የሚታወቅም ነገር አለ፦ ሞልቶ የሚተኩስ ሰው ወጪው አይቀንስም፣ በዚያው ወጪ አብዝቶ ይተኩሳል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ቁጠባ ብሎ መጥራቱ ነው እንጂ።

«የወደቀ ቀለሃ ሁሉ ይሞላል»

የቀለሃውን ውስጥ በብርሃን ይመልከቱ። መሐል ላይ አንድ ቀዳዳ ካለ የቦክሰር ዓይነት ነው፤ ዳዩ ውስጥ ያለው መርፌ አሮጌውን ፕራይመር በዚያ ቀዳዳ ገፍቶ ያወጣዋል። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉ የበርዳን ዓይነት ነው፤ መርፌው ከመሐል ካለው ብረት ጋር ተላትሞ ይሰበራል። ሁለቱም አሠራሮች በ1866 የተመዘገቡ ናቸው። የሚገርመው ፈልሳፊው ቦክሰር እንግሊዛዊ ሆኖ ሥራው አሜሪካ ውስጥ ሲነግሥ፣ የአሜሪካዊው በርዳን ደግሞ አውሮፓን መያዙ ነው።

የብረትና የአሉሚኒየም ቀለሃ ይተዉት፤ ናሱን ይሰብስቡ። የወታደር ቀለሃ ከሆነ ሁለት ነገር ይታሰብ። ፕራይመሩ እንዳይወልቅ ዙሪያው ስለተጨመቀ፣ ያ ጭምቅ ካልተጠረገ አዲሱ ፕራይመር አይገባም። ግድግዳው ወፍራም ከሆነ ደግሞ ውስጡ ይጠባል፤ በሲቪሉ ቀለሃ ደህና የነበረው የባሩድ መጠን እዚህ ግፊቱን ያበዛዋል።

«ቀለሃ እስኪሰነጠቅ ድረስ ይሠራል»

አንገቱ ላይ የሚወጣው ስንጥቅ ቀላሉ ነው፤ ይታያል፣ ይጣላል። ክፉው ከውስጥ የሚመጣው ነው። የጠመንጃ ቀለሃ ሲተኮስ ይለጠጣል፣ ዳዩ ውስጥ ሲገባ ተመልሶ ይጨመቃል፤ በተደጋገመ ቁጥር ናሱ ከቂጡ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ይሳሳል። ከውጭ እዚያው ላይ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ከታየ ቀለሃው አልቋል። ከመታየቱ በፊት ለማወቅ የወረቀት መያዣ ሽቦ ያቃኑ፣ ጫፉን ሁለት ሚሊሜትር ያህል አጥፈው ያሹሉት፣ ወደ ቀለሃው ሰደው የውስጡን ግድግዳ ከታች ወደ ላይ ይጫሩ። ደህናው ቀለሃ ልስልስ ነው። የሳሳው ላይ ሽቦው ቦይ ውስጥ ገብቶ ይያዛል፤ ጣት ይሰማዋል። እንዲህ ዓይነቱ ቀለሃ ሲተኮስ ለሁለት ይቆረጥና የፊቱ ግማሽ ጠመንጃው ውስጥ ይቀራል፤ ትኩስ ጋዝም ወደ ተኳሹ ሊያመልጥ ይችላል።

የዚህ ዋና ምክንያት ዳዩን እስከ መጨረሻ አጥብቆ የቀለሃውን ትከሻ (ወደ አንገቱ የሚጠብበትን ቦታ) ከሚገባው በላይ መግፋት ነው። በእጅ ለሚቀረቀር ጠመንጃ 0.05 ሚሊሜትር ያህል ወደ ኋላ መግፋት ይበቃል።

ቁመቱም ያድጋል። የ.223 ሬሚንግተን ቀለሃ ከ44.70 ሚሊሜትር ማለፍ የለበትም፤ ሲያልፍ ወደ 44.45 ይቆረጣል። ካልተቆረጠ አንገቱ ከመጉረሻው (ጥይቱ ከሚቀመጥበት የበርሜሉ ክፍል) ጫፍ ጋር ይጋጭና አረሩን ጨብጦ ይይዘዋል፤ ግፊቱም ይንራል።

«ባሩድ በጨመሩ ቁጥር ይሻላል»

የአሞላል መጽሐፍ የመነሻና የመጨረሻ መጠን ይሰጣል። መጨረሻው ግብ አይደለም። ከመነሻው ተጀምሮ በጥቂት በጥቂት ይወጣል፤ ብዙ በርሜል ደግሞ ጣራው ሳይደርስ በፊት ነው ምቶቹን የሚሰበስበው። ፕራይመሩ ከተደፈጠጠ ወይም መቀርቀሪያው ለማንሳት ከከበደ አልፈዋል ማለት ነው፤ ምልክቱ አለመታየቱ ግን ዋስትና አይሆንም። ፕራይመር፣ ቀለሃ ወይም አረር ከተቀየረ ወደ መነሻው ይመለሱ። ከመነሻው በታች መውረድም አይበጅም፤ አረሩ በርሜል ውስጥ የሚቀርበት አንዱ መንገድ እሱ ነው።

«ጓደኛዬ ጎበዝ ነው፣ የሞላውን ብተኩስ ምን አለበት»

አይተኮስም። እሱ የሞላው ለራሱ ጠመንጃ ነው፤ የእርስዎ መጉረሻ ጠበብ ያለ ቢሆን በእሱ ዘንድ ደህና የነበረው ግፊት እዚህ ጣራ ያልፋል። ፈቃድ ይዞ መልሶ እየሞላ የሚሸጥ ድርጅት ጥይት ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ከፋብሪካው ጋር በዋጋና በምርመራ ያነጻጽሩት። ከመግዛትዎ በፊት ግን የመሣሪያዎን መመሪያ ይክፈቱ፤ ብዙ አምራቾች መልሶ በተሞላ ጥይት ለደረሰ ጉዳት ዋስትና አይሰጡም፣ አንዳንድ የተኩስ ሜዳዎችም አያስገቡም።

ገና ያልወሰነ ሰው ለጊዜው የናስ ቀለሃና የቦክሰር ፕራይመር ያለውን የፋብሪካ ጥይት ይግዛ፣ የተኮሰውን ቀለሃ በየምድቡ ያስቀምጥ። መሙላት ከጀመረ በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ የባሩዱ ዓይነትና መጠን፣ ፕራይመሩ፣ አረሩና ክብደቱ፣ የጥይቱ ሙሉ ቁመት፣ ቀለሃው ስንተኛ ጊዜው እንደሆነና ቀኑ ይጻፍበት። ጽሑፍ የሌለበት ሳጥን መሳቢያ ውስጥ ከተገኘ፣ የራስ እጅ የሞላው እንኳ ቢሆን፣ አረሩ በመንቀያ ተነቅሎ ባሩዱ ይወገዳል፤ ወደ ጠመንጃ አይገባም።