8128 ለምን «ፍጹም» ተባለ?

ደሴ እህቴ ቤት ሰፌድ ላይ ሽምብራ ስንለቅም ልጇ «አጎቴ፣ ፍጹም ቁጥር ማለት ሙሉ ቁጥር ማለት ነው አይደል?» አለችኝ። አይደለም፤ ሙሉ ቁጥር ሁሉ ፍጹም አይሆንም።

ስድስት ፍሬ ለየሁላት። 6 ያለ ቀሪ ለ1፣ ለ2 እና ለ3 ይካፈላል፤ ሦስቱ ሲደመሩ መልሰው 6 ይሆናሉ። ፍጹም የሚባለው ይሄ ነው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ 6 ለራሱም ይካፈላል፣ በድምሩ ግን ራሱ አይቆጠርም። 8 ድምሩ 7 ላይ ይቀራል፤ የ12 ደግሞ አልፎ 16 ይደርሳል።

ቀጥሎ 28፣ 496፣ 8128 ይመጣሉ። እስከ 10,000 ያሉት እነዚህ አራቱ ብቻ ናቸው፤ አምስተኛው 33,550,336 ነው!

8128ን በሽምብራ መቁጠር አይታሰብም። ግን 64 በ127 ሲባዛ የሚገኝ ነው። 1፣ 2፣ 4 እያልን እያጠፍን እስከ 64 ብንደምር 127 ይመጣል። ከ127 ጀምረን እስከ 4064 በዚያው መንገድ ስንደምር ደግሞ 8001። እነዚህ የደመርናቸው ሁሉ የ8128 አካፋዮች ናቸው፤ ሁለቱን ድምር ስናገጣጥም ልክ 8128! ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። መንገዱን ያሳየው የግሪኩ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ነው።

የሚሠራው ግን 127 «ብቸኛ ቁጥር» የሚባለው ዓይነት፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ስለሆነ ነው። በ15 ብንሞክረው፣ 8 በ15 ሲባዛ 120 ይሆናል፤ የ120 አካፋዮች ድምር ግን 240 ነው።